ፍጥነትና ትክክለኛነት፦ ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተርን ከተተመነለት ፍጥነት በላይ በጥንቃቄ ስለ ማሠራት

(ይህ ጽሑፍ ፋኩልቲው ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለማንኛውም ታዳሚ ካዘጋጃቸው ክፍት ገለጻዎች በአንዱ የቀረበ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ርእስ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተርስ ጥናቷን የማማክራት አንዲት ተማሪ፣ የቡና ቅጠል ፎቶግራፎችን እየመረመረ የበሽታ ምልክት ያለባቸውን የሚለይ ፕሮግራም አዘጋጅታ ነበር። ፕሮግራሙ የሚሠራው በአንድ ራስበሪ ፓይ 4 ላይ ነው። ሥራው ስለ ዘገየባት ቦርዱን ተቀብዬ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከ1.5 ጊጋኸርዝ ወደ 2.1 ጊጋኸርዝ ከፍ አደረግሁላት። በቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ፈተንሁት፤ አልቆመም፤ «ሠርቷል» ብዬ መለስሁላት። እርሷም በክዳን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አድርጋ ወደ መስክ ወሰደችው።

ከሁለት ወር በኋላ የአንድ ቀን ፎቶግራፎችን ደግማ ስታስመረምር የተገኘው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም። ፕሮግራሙ በዘፈቀደ የሚመርጠው ነገር አልነበረውም፤ ፎቶግራፎቹም ያው ነበሩ። የተለያየው የቦርዱ ስሌት ብቻ ነው። የሁለት ወሩ ውጤት በሙሉ እንደገና መሠራት ነበረበት። አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ በእኛ ጉዳይ ግን ያፈሰስሁት እኔ፣ የለቀመችው እርሷ መሆኗ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኦቨርክሎኪንግ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንፈራው ቺፑ እንዳይቃጠል ነው። የዛሬው መልእክቴ ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል የሚል ነው። ዘመናዊ ቦርድ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ዘዴ አለው። በስሌት ክፍሎቹ ውስጥ ለሚፈጠር ስሕተት ግን የማንቂያ ደወል የለውም። ስለዚህ «በጥንቃቄ ማፍጠን» ማለት ቺፑን ከእሳት ማዳን ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚሰጠን መልስ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

የሰዓት ምትና የተቀመጠለት ስንቅ

በደቦ ድንጋይ የሚያሻግሩ ሰዎችን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በሰልፍ ቆመዋል፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር እያንዳንዱ የያዘውን ድንጋይ ለቀጣዩ ያቀብላል። የከበሮው ምት በፈጠነ መጠን ሥራው ይፋጠናል። ነገር ግን ምቱ ከዘገምተኛው ሰው እጅ ከቀደመ ድንጋዩ ይወድቃል። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው፤ በእያንዳንዱ የሰዓት ምት ከአንዱ የትራንዚስተር ረድፍ ወደ ቀጣዩ ውጤት ይተላለፋል፤ የምቱንም ፍጥነት የሚወስነው ከመንገዶቹ ሁሉ ረጅሙ ነው። ልዩነቱ፣ በፕሮሰሰር ውስጥ ድንጋዩ ሲወድቅ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። የተሳሳተው ቁጥር ልክ እንደ ትክክለኛው ወደ ቀጣዩ ረድፍ ያልፋል።

ጊዜው ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ በቁጥር እንየው። በ1.5 ጊጋኸርዝ አንድ ምት 0.67 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በ2.0 ጊጋኸርዝ ደግሞ 0.5 ናኖሰከንድ። በዚህች ቅጽበት ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 15 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው።

አምራቹ ፍጥነቱን ሲተምን የተሻለውን ቺፕ አይመለከትም። ከአንድ ማምረቻ የወጡ ቺፖች መንታ አይደሉም፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ ደካማው ቺፕ፣ በሞቀ አካባቢ፣ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ፣ ካረጀም በኋላ እንዳይሳሳት ተብሎ በምቱ ላይ ትርፍ ጊዜ ይተውለታል። ይህ ትርፍ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው። ኦቨርክሎኪንግ ስንል ከዚያ ስንቅ እየቀነስን መብላት ማለታችን ነው። ስንቁ መኖሩ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ከቦርድ ቦርድ ይለያያል።

የራስበሪ ፓይ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሞዴል በ700 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም አምራቾቹ ራሳቸው፣ የሙቀት ቁጥጥር በተጨመረበት የ«ቱርቦ» አሠራር፣ ዋስትናው ሳይፈርስ እስከ 1 ጊጋኸርዝ ማፍጠን ፈቀዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4 ፍጥነቱ 1.5 ጊጋኸርዝ ነበር፤ በ2021 በአዲሱ የስርዓተ ክወና ዕትም ወደ 1.8 ጊጋኸርዝ ከፍ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ጭማሪው የተፈቀደው የተሻሻለ የኃይል አቅርቦት ወረዳ ላላቸው የኋለኞቹ ቦርዶች እንጂ ለሁሉም አልነበረም። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ቦርዶች ስንቃቸው አንድ እንዳልሆነ አምራቹ ራሱ አስተማረን።

የፍጥነት ዋጋ

ፍጥነት ከፍ ሲል ረጅሙ መንገድ በጊዜው እንዲደርስ ብዙውን ጊዜ ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትራንዚስተሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚወስዱት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቺፕ በ1.5 ጊጋኸርዝ 0.90 ቮልት ይፈልጋል እንበል። ወደ 2.0 ጊጋኸርዝ ስናደርሰው 0.15 ቮልት ጨመርንለት። ፍጥነቱ 1.33 ጊዜ አደገ። ቮልቴጁ 1.17 ጊዜ ያህል አደገ፤ ካሬው 1.36 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 1.81 ይሆናል። እንግዲህ 33 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት በዚህ ረገድ 81 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልን ማለት ነው። ይህ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው።

ሙቀት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳናል። በአሁኑ ጊዜ የሽቦዎቹን ተቃውሞ ከፍ ያደርጋል፤ የሚባክነውን የፍሳሽ ኤሌክትሪክም ያበዛል። በረጅሙ ደግሞ በቺፑ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የብረት መስመሮች በኤሌክትሮኖች ግፊት ቀስ በቀስ እንዲሸረሸሩ ያግዛል። ይህ ኤሌክትሮማይግሬሽን የሚባለው ክሥተት በኤሌክትሪክ ፍሰቱ ጥግግትና በሙቀቱ ይፋጠናል። ቺፑ ዛሬ ባይቃጠልም ዕድሜው ይቀንሳል።

ቦርዱ የሚተነፍሰው አየር

ራስበሪ ፓይ 4 የቺፑ ሙቀት ወደ 80 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጠጋ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፤ 85 ላይ ይበልጥ ይገታዋል። ስለዚህ በቂ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ፍጥነት መጨመር ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፤ የሰጣችሁትን ቦርዱ መልሶ ይወስደዋል።

የቺፑ ሙቀት በግምት የአካባቢው ሙቀትና ቺፑ የሚጨምርበት ሙቀት ድምር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል 68 ዲግሪ የሚደርስ ቦርድ የራሱ ጭማሪ 46 ዲግሪ ነው። ይህንኑ ቦርድ በሞቃት ወራት 40 ዲግሪ በሚደርስበት በሰመራ ወይም በጋምቤላ ብንተክለው 86 ዲግሪ ላይ ይደርሳል፤ ከወሰኑ አለፈ። እዚህ የተደረገ ፈተና እዚያ ምስክር አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ፣ ከባሕር ወለል በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሙቀትን ከቺፑ ተሸክሞ የሚወስደው አየር ነውና ያው ሂት ሲንክና ያው ፋን እዚህ ያላቸው አቅም በባሕር ዳርቻ ከተማ ከተለካው ያነሰ ይሆናል። በውጭ አገር ሰው «በዚህ ፋን 2.0 ጊጋኸርዝ ደረስሁ» ሲላችሁ የአየሩን ልዩነት አስታውሱ።

በኬብል ውስጥ የሚጠፋው ቮልት

ቸል የሚባለው ሦስተኛው ጉዳይ የኃይል አቅርቦት ነው። ለራስበሪ ፓይ 4 የተመደበው ቻርጀር 5.1 ቮልትና 3 አምፒር የሚሰጥ ነው። ወደ ቦርዱ የሚገባው ቮልቴጅ ከ4.63 በታች ሲወርድ ቦርዱ የቮልቴጅ ማነስ ምልክት ያሳያል። አሁን ቀጭን የስልክ ኬብል ውሰዱ፤ የደርሶ መልስ ተቃውሞው 0.25 ኦም ይሁን። ቦርዱና የተሰኩበት መሣሪያዎች 2 አምፒር ሲስቡ በኬብሉ ውስጥ ብቻ 0.5 ቮልት ይጠፋል፤ ከ5.1 የሚደርሰን 4.6 ነው። ቻርጀሩ ጤነኛ፣ ቦርዱም ጤነኛ ሆነው ሳለ ሥራው ይበላሻል። ፕሮሰሰሩን ከማፍጠናችሁ በፊት አጭርና ወፍራም ኬብል ግዙ።

በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ማነቆው የት እንደ ሆነ መለካት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1967 ጂን አምዳል ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ይረዳናል፤ አንድን ክፍል ማፍጠን የሚጠቅመው ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በሚወስደው ድርሻ ልክ ነው። ከሥራችሁ ጊዜ 40 በመቶው ስሌት፣ 60 በመቶው ከሚሞሪ ካርድ ማንበብ ነው እንበል። ፕሮሰሰሩን በ33 በመቶ ብታፈጥኑ የስሌቱ ድርሻ ከ40 ወደ 30 ይወርዳል፤ ጠቅላላው ከ100 ወደ 90 ይወርዳል። ለዐሥር በመቶ ትርፍ ያን ሁሉ ሙቀትና ሥጋት መሸከም ያዋጣል? መልሱ እንደ ሥራው ነው፤ ጥያቄው ግን መቅደም አለበት።

አሠራሩ፦ በትንሽ በትንሹ፣ በጽሑፍ

ማስፈለጉ ከተረጋገጠ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ የሚሞሪ ካርዱን ሙሉ ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ቦርዱ በመጻፍ ላይ ሳለ ቢቆም የፋይል ሥርዓቱ ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ምንም ሳትለውጡ ለካችሁ መዝግቡ፤ የክፍሉን ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት የቺፑን ሙቀት፣ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ። «ጌት ትሮትልድ» የተባለው የስርዓቱ ትእዛዝ የቮልቴጅ ማነስ ወይም የፍጥነት መገታት መኖሩን በአንድ ቁጥር ይነግራችኋል። ቁጥሩ አሁን ያለውን ብቻ ሳይሆን ቦርዱ ከተነሣ ጀምሮ የተከሠተውንም ያስታውሳል። ዜሮ ካልሆነ ቻርጀሩን፣ ኬብሉን ወይም ማቀዝቀዣውን ሳታስተካክሉ ወደፊት አትሂዱ።

ሦስተኛ፣ ፍጥነቱን ቦርዱ ሲነሣ በሚያነበው የ«ኮንፊግ» ፋይል ውስጥ በ«አርም ፍሪክ» መስመር በ100 ሜጋኸርዝ ብቻ ከፍ አድርጉ፤ ፈትኑ፤ መዝግቡ። ፈተናውን ሲወድቅ «ኦቨር ቮልቴጅ» የተባለውን ቁጥር በአንድ ደረጃ ጨምሩ፤ አንዱ ደረጃ 25 ሚሊቮልት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትለውጡ፤ የትኛው ምን እንዳመጣ አታውቁምና። ከስድስተኛው ደረጃ በላይ ለመሄድ «ፎርስ ቱርቦ» የተባለው ትእዛዝ ያስፈልጋል። ይህን ስታደርጉ በቺፑ ውስጥ የማይፋቅ ምልክት ሊቀመጥና ዋስትናው ሊቀር ይችላል። ከዚያ መስመር መለስ በሉ።

አራተኛ፣ ቦርዱ አልነሣ ቢል አትደንግጡ። ካርዱን አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መስመሩን ሰርዙ። መመለሻው መንገድ እስካለ ድረስ ሙከራ ጥፋት አይደለም።

አለመቆም ማስረጃ አይደለም

የእኔ ጥፋት የነበረው እዚህ ላይ ነው። «አልቆመም» ብዬ «አልተሳሳተም» አልሁ። ቦርድን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ብዙ አለ፤ እኛ የምንፈልገው ግን መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ጭንቀት ነው። ለምሳሌ የአንድን ትልቅ ፋይል የሻ 256 መለያ ቁጥር ሺህ ጊዜ አስልታችሁ እያንዳንዱን ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሩ። ይህ ግን የነጥብ ቁጥር ስሌት የሚሠራውን ክፍል አይነካም። ስለዚህ ውጤቱ ባልተፋጠነ ቦርድ ላይ የታወቀ የማትሪክስ ብዜትም ጨምሩበት፤ አራቱም የፕሮሰሰር ክፍሎች በአንድነት ይሥሩ። አንዲት ልዩነት ከተገኘች ያ ፍጥነት ወድቋል።

ለምን ያህል ጊዜ? የስታቲስቲክስ መምህራኖቻችን የሚያውቁት ቀላል ሕግ አለ፤ በተመለከትነው ጊዜ ውስጥ አንድም ስሕተት ካላየን፣ በ95 በመቶ መተማመን የስሕተቱ ምጣኔ ከሦስት ሲካፈል ለጊዜው አይበልጥም ማለት እንችላለን። በእኔ የዐሥር ደቂቃ ፈተና ብንሠራው፣ በየሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንዱ አንድ ስሕተት ሊኖር እንደሚችል እንኳ አላስወገድሁም ነበር። የ24 ሰዓት ፈተናም ቢሆን የሚያረጋግጥልን በየስምንት ሰዓቱ ከአንድ እንደማይበልጥ ብቻ ነው። ለሁለት ወር ሥራ ይህ አይበቃም።

መፍትሔው ፈተናውን ያለ መጨረሻ ማርዘም አይደለም፤ ፈተናውን ከሥራው ይልቅ የከበደ ማድረግ ነው። በ2.0 ጊጋኸርዝ፣ ቦርዱ በሚቀመጥበት በዚያው በተዘጋ ሣጥን፣ የቀኑን ትኩሳትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንዲያይ ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ፈትኑት። ካለፈ በ1.8 አሠሩት። በመካከል ያለው ልዩነት የመለሳችሁለት ስንቅ ነው። ሥራው ከተጀመረም በኋላ በየቀኑ መልሱ የሚታወቅ አንድ ናሙና በመካከል አስገቡ፤ ከውጤቱም ጥቂቱን ባልተፋጠነ ቦርድ ላይ ደግማችሁ አሠሩ። ይህን ለማድረግ አቅም ከሌለ ለጥናት ውጤት የሚውል ቦርድን አታፍጥኑ። የሰው ሕይወት ወይም ንብረት የሚጠብቅ የመቆጣጠሪያ ሥራ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ለትምህርት፣ ለጨዋታ፣ ለቪዲዮ ግን በነፃነት ሞክሩ፤ ስለ ኮምፒውተር ውስጣዊ አሠራር ከዚህ የተሻለ ርካሽ ቤተ ሙከራ አላውቅም።

ያቺ ተማሪ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ቦርዱን ወደ 1.5 ጊጋኸርዝ መለሰችው፤ ሂት ሲንክና ፋን ጨመረችበት። ከዚያም እኔ ያላደረግሁትን አደረገች፤ ጊዜው የት እንደሚጠፋ ለካች። አብዛኛው የሚባክነው እጅግ ትላልቅ ፎቶግራፎችን ከካርዱ በማንበብና በማሳነስ ነበር። ካሜራው ከመነሻው አነስ ያለ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ አዘዘችው፤ ሥራውም እኔ ካፈጠንሁላት ይልቅ ፈጠነ። ጥናቷን ያጠናቀቀችው ቁጥሮቿን እያመነች ነው።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

*ጥያቄ፦ መምህር፣ ፋን አቧራ ስለሚስብ በመስክ ላይ ያስቸግራል። ሂት ሲንክ ብቻውን አይበቃም?*

መልስ፦ ሊበቃ ይችላል፤ የሚወስነው ግን ሣጥኑ ነው። በተዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሂት ሲንክ ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ሣጥኑ አየር ያወጣዋል እንጂ ከሣጥኑ አያስወጣውም። ሣጥኑ ራሱ ከቺፑ ጋር የሚነካካ አሉሚኒየም ከሆነ ግን አካሉ በሙሉ ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ አቧራም አይገባም። ለመስክ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ በጥላ ሥር መሆኑንም አትርሱ።

*ጥያቄ፦ የእኛ ቦርድ የሚሠራው በፀሐይ ኃይል ነው። ማፍጠኑ ቀርቶብን ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ብንቀንስ ከሥጋት ነፃ ነን?*

መልስ፦ መልካም ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ግን ለያዩዋቸው። ፍጥነትን ብቻ መቀነስ ለእያንዳንዱ ምት ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣል፤ ስንቁን ያበዛል። ቮልቴጅን መቀነስ ትራንዚስተሮቹን ያዘገያል፤ ስንቁን ይበላል። ስለዚህ ቮልቴጅ የተቀነሰበት ቦርድ፣ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ቢመስልም፣ ልክ እንደ ተፋጠነ ቦርድ ሊሳሳት ይችላል። ፍጥነቱን በደንብ ዝቅ አድርጋችሁ ቮልቴጁን በጥቂቱ ቀንሱ፤ ከዚያም መልሱ በሚታወቅ ሥራ ፈትኑት። ፈተናው ያው ነው።